ከትምህርት ቤት ደጅ በፊት፦ የሕፃናት ዓይን ምርመራና መነጽር

ሕፃን ሲወለድ ዓይኑ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የዐዋቂ ዓይን ግን ወደ 24 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃኑ የሚለየው ብርሃንን ከጨለማ፣ በቅርብ ያጎነበሰ ፊትን ከጀርባው ካለው ግድግዳ ነው። ሁለት፣ ሦስት ወር ሲሞላው ፊትን ትኩር ብሎ ማየትና የሚንቀሳቀስ ነገርን በዓይኑ መከተል ይጀምራል። አልፎ አልፎ ሲንሸዋረሩ የቆዩት ዓይኖቹም እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ አብረው መሄድን ይለምዳሉ። ከዚህ ዕድገት ጎን ለጎን ለዓይን የማይታይ ሌላ ሥራ ይካሄዳል። ዓይን ምስሉን ይቀበላል እንጂ ማየትን የሚማረው አንጎል ነው። አንጎል ይህን የሚማረው ከሁለቱም ዓይኖች ጥርት ያለ ምስል ሲደርሰው ሲሆን፣ ዋናው የመማሪያ ዘመኑም ከውልደት እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በሩ በአንድ ጊዜ አይዘጋም፤ እየጠበበ ግን ይሄዳል።

የሕፃን መነጽር ከዐዋቂ መነጽር የሚለየው በዚህ ነው። ሩቁ ደብዝዞበት 10 ዓመት የኖረ ጎልማሳ ትክክለኛውን መነጽር ባደረገበት ቀን ያያል፤ የቀረበት ያለፈው 10 ዓመት ብቻ ነው። በ3 ዓመቱ መነጽር የሚያስፈልገው ሆኖ በ12 ዓመቱ ያገኘ ልጅ ግን ሌንሱ ልክ ሆኖለትም ላያይ ይችላል። ምስሉ ሬቲናው ላይ በሚገባ ያርፋል፤ አንጎሉ ግን ያን ምስል ማንበብ አልተማረም። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የዓይን ምርመራ በብዙ ታዳጊ አገሮች ወደ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ መምህራን ሠልጥነው ልጆችን ይለያሉ፣ መነጽር በነፃ ይታደላል። የተገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ዘመቻው የሚሄደው ልጆች ተሰብስበው ወደሚገኙበት ቦታ ነው፤ መጀመሪያ ሊደረስላቸው የሚገባቸው ዓይኖች ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ያልፋል።

በክሊኒክ ‹የመነጽር ችግር› የሚባለው ብርሃን ሬቲና ላይ በትክክል ሳያርፍ ሲቀር ነው። ዓይኑ ከልኩ ከረዘመ ብርሃኑ ሬቲናው ጋ ሳይደርስ ይገናኛል፤ ልጁ ቅርቡን እያየ ሩቁ ይደበዝዝበታል። ይህ ማዮፒያ ነው። ዓይኑ ካጠረ የብርሃኑ መገናኛ ከሬቲናው ኋላ ይውላል፤ ይህ ሃይፐሮፒያ ነው። የዓይኑ ፊተኛ ገጽ፣ ማለትም ኮርኒያ፣ እንደ ኳስ ድቡልቡል መሆኑ ቀርቶ ወደ እንቁላል ጎን ሲያዘነብል ምስሉ ባንድ አቅጣጫ ይሳባል፤ ይህ አስቲግማቲዝም ይባላል። የሁሉም መለኪያ ዲዮፕተር ነው፤ ሰው ‹ቁጥር› እያለ የሚጠራው ይኸው ነው።

ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ 2 ዲዮፕተር ገደማ ሃይፐሮፒያ ይኖራቸዋል። ዓይኑ ሲያድግ ቁጥሩ ወደ ዜሮ እየተጠጋ ይመጣል። እስከዚያው የዓይኑ ውስጣዊ ሌንስ ልስልስ ስለሆነ ቅርጹን እየለወጠ ጉድለቱን ይሞላል። ስለዚህ መለኪያ ማሽን ላይ ቁጥር የወጣለት ልጅ ሁሉ መነጽር ያድርግ ማለት ስሕተት ነው። የ4 ዓመት ልጅ ላይ የተገኘ አንድ ዲዮፕተር ሃይፐሮፒያ በሽታ ሳይሆን የዕድሜው ልክ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ቁጥሩ ልጁ ሊሞላው ከሚችለው ሲያልፍ ነው። ዓይን ምስልን ለማጥራት ሲጥር ወደ ውስጥ የመዞር ባሕርይ አለው። ከፍተኛ ሃይፐሮፒያ ያለበት ልጅ ደግሞ ነጋ ጠባ ሲጥር ስለሚውል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2 እና በ3 ዓመቱ አካባቢ አንደኛው ዓይን ወደ አፍንጫው መዞር ይጀምራል። ቤተሰብ ‹ሲያድግ ይተወዋል› ይላል፤ ወይም ዓይኑ ከዞረበት ሳምንት ጋር የተገጣጠመውን ትኩሳት ወይም መውደቅ ያመካኛል። ይህ ዓይነቱ መንሸዋረር ብዙ ጊዜ ቢላዋ ሳይነካው በመነጽር ብቻ የሚቃና ነው። መነጽሩ ሲወልቅ ዓይኑ ተመልሶ ይዞራል፤ ወላጆችም ‹መነጽሩ አባሰበት› ብለው የሚደመድሙት ይህን አይተው ነው። በአንጻሩ የአፍንጫው ሥር ሰፋ ያለ ሕፃን ሳይንሸዋረር የተንሸዋረረ ሊመስል ይችላል። ፊት ለፊት ባትሪ ሲበራለት የብርሃኑ ነጥብ በሁለቱም ብሌኖች እኩል ቦታ ላይ ካረፈ ዓይኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው።

መንሸዋረር ቢያንስ ይታያል። ምንም ምልክት የሌለው የሁለቱ ዓይኖች ቁጥር መለያየት ነው። አንዱ ዓይን ደህና፣ ሌላው 4 ዲዮፕተር ሃይፐሮፒያ ያለበት ልጅ በደህናው ዓይን ይሮጣል፣ ኳስ ይለጋል፣ ወለል ላይ የወደቀች ምስር ይለቅማል። አይደናቀፍም፣ አያማርርም። ከዚህ የተለየ ማየት መኖሩን ስለማያውቅ የሚያማርርበት ነገር የለውም። አንጎል ግን ከአንዱ በኩል ጥርት ያለ፣ ከሌላው በኩል የደበዘዘ ምስል ሲደርሰው የደበዘዘውን መተው ይመርጣል፤ ሲተወው ይከርማል፣ በመጨረሻም ይረሳዋል። ይህ አምብሊዮፒያ ነው፤ በተለምዶ ‹ሰነፍ ዓይን› ይባላል። ስሙ ዓይኑን ያለ ጥፋቱ ይወቅሳል፤ ሥራውን ያቆመው አንጎል ነው። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከ100 ልጆች ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው።

የጊዜው ገደብ እንዴት እንደሚሠራ የተገለጠው በድመት ግልገሎች ላይ በተደረገ ምርምር ነው። ዴቪድ ሁቤል እና ቶርስተን ቪዝል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የግልገሎችን አንድ ዓይን ቆብ ሰፍተው ለጥቂት ወራት ካቆዩ በኋላ ሲከፍቱት፣ ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ግልገሉ በዚያ ዓይን አላየም። አንጎል ውስጥ የዚያ ዓይን ድርሻ የነበሩ ሴሎች ለሌላው ዓይን ማደር ጀምረው ነበር። ያደገች ድመት ዓይን ለዚያው ያህል ጊዜ ቢሸፈን ግን የሚደርስባት ነገር የለም። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ከዚህ ምርምር የሕፃናት ዓይን ሐኪሞች ያገኙት ትርፍ የማይለወጥ የሥራ ትእዛዝ ነው፦ ሕፃን ላይ የተገኘ የምስል እንቅፋት ለነገ አይባልም። አብሮ የተወለደ የዓይን ሞራ አንድ ዓይንን ሙሉ በሙሉ ከጋረደ ቀዶ ሕክምናው በ4 እና በ6 ሳምንት ዕድሜ መካከል ቢሠራ ነው የሚመረጠው። ከዚያ ሲዘገይ ሞራው ይወጣል፤ ዕይታው ግን ላይመለስ ይችላል። ለቁጥር መለያየት የሚሰጠው ጊዜ ይረዝማል፤ ሕጉ ግን ያው ነው።

የአምብሊዮፒያ ሕክምና በመነጽር ይጀምራል። በአሜሪካ የሕፃናት ዓይን በሽታ ተመራማሪዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት ከ3 እስከ 7 ዓመት ካሉ፣ የቁጥር መለያየት ዓይናቸውን ካሰነፈባቸው ልጆች 27 በመቶው በመነጽር ብቻ ሙሉ በሙሉ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ለቀሩት ደህናው ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት በሚለጠፍ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ደካማው በግድ ይሠራል። ቀድሞ ቀኑን ሙሉ ይሸፈን ይባል ነበር። ይኸው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ችግሩ መካከለኛ ለሆነባቸው ልጆች በቀን 2 ሰዓት መሸፈን ከ6 ሰዓት ጋር እኩል ውጤት እንዳለው አረጋገጠ። ይህ ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ ፊት ላይ ለጥፎ 6 ሰዓት ማቆየት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። መለጠፍ ያልተቻለ እንደሆነ ደህናውን ዓይን በአትሮፒን ጠብታ ማደብዘዝም ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። ከ7 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በተደረገው ሌላ ጥናት ሽፋኑና ጠብታው ከመነጽር ጋር ከታዘዘላቸው 53 በመቶ ያህሉ ሲሻሻሉ፣ መነጽር ብቻ ካደረጉት የተሻሻሉት 25 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ዘግይቶ የመጣን ልጅ ‹አልፎብሃል› ብሎ መመለስ አይገባም፤ ያም ሆኖ ከመጡት እኩሌታ የሚሆኑት ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት ዕድሜ ነው።

ቀድሞ መመርመር በአገር ደረጃ ምን እንደሚያተርፍ ጎልቶ የታየው በስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚያ አገር የሕፃናት ጤና ጣቢያዎች ዓይናቸው የማይመረመር የ4 ዓመት ልጆች የሉም ማለት ይቻላል። ከባድ የሆነው አምብሊዮፒያ ከ2 በመቶ ወደ 0.2 በመቶ ወርዷል። ሥራውን የሠራው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ነርሷ፣ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውና የተለመደው ቀጠሮ ናቸው።

ብዙ ወላጅ ልጁ ፊደል ካልቆጠረ ዓይኑ የማይመረመር ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ዕድሜ ግን የራሱ መንገድ አለ። ለተወለደ ሕፃን ምርመራው ከዓይን ውስጥ የሚመለሰውን ብርሃን ማየት ነው፦ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ኦፍታልሞስኮፕ በሚባለው የእጅ መሣሪያ ብርሃን ሲበራ ሁለቱም ብሌኖች ቀላ ያለ ወይም ብርቱካንማ ነጸብራቅ ይመልሳሉ። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሕፃናት ነጸብራቁ ደብዘዝ ይላል፤ ዋናው ነገር በሁለቱ ዓይኖች እኩል መሆኑ ነው። በፀሐይ ብርሃን የሚሞሉ፣ ኪስ የሚገቡ ርካሽ መሣሪያዎችም ለዚሁ ሥራ ተሠርተዋል። የአንዱ ነጸብራቅ ከጠፋ ወይም ነጭ ከሆነ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሕፃናት ዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ይህ ነጭ ብሌን በስልክ በተነሣ ፎቶ ላይ በአጋጣሚ የሚታይበት ጊዜ አለ። በፍላሽ በተነሡ ፎቶዎች ላይ አንዱ ብሌን ደጋግሞ ነጭ ሆኖ ከወጣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ከግማሽ ዓመት በኋላ እጅ በቂ መሣሪያ ይሆናል። የሕፃኑ አንድ ዓይን በመዳፍ ሲሸፈን ዝም ብሎ፣ ሌላው ሲሸፈን ግን ከተነጫነጨ ወይም ጭንቅላቱን እያዞረ መዳፉን ከሸሸ የተሸፈነበት የሚያይበት ዓይን ነው። ካሜራ የሚመስሉ የመለያ መሣሪያዎችም ከአንድ ሜትር ርቀት በሰኮንዶች ውስጥ ሥጋት ያለበትን ልጅ ይጠቁማሉ። ጥቆማ ግን ጥቆማ ነው፤ መነጽር የሚታዘዝበት መለኪያ አይደለም።

በ3 ዓመት ልጁ ማመሳሰል ይችላል። ፊንላንዳዊቷ የዓይን ሐኪም ሌያ ሂቫሪነን እ.ኤ.አ. በ1976 የሠሩት ሰሌዳ ቤት፣ ፖም፣ ክብና አራት ማዕዘን የሚመስሉ አራት ቅርጾች ብቻ አሉት፤ ቅርጾቹ ከዕይታ አቅም በታች ሲሆኑ አራቱም እኩል ይደበዝዛሉ። ፖም አይቶ የማያውቅ ልጅ ቅርጹን ‹ልብ› ይበለው ‹ድንች› ለውጥ የለውም፤ ከፊቱ ከተዘረጋው ካርድ ላይ ተመሳሳዩን በጣቱ ካሳየ በቂ ነው። የላቲኑ ‹E› ቅርጽ ያለው ሰሌዳ ደግሞ የ‹E›ዋ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በእጅ ማሳየትን ይጠይቃል። ፊደል ስለማይፈልግ በየትኛውም ቋንቋ ያገለግላል፤ ሆኖም ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግራና ቀኝ ስለሚምታታበት ዓይኑ ደህና ሆኖ ሊወድቅ ይችላል። በሁሉም ሰሌዳ ላይ ትልቁ የስሕተት ምንጭ አሸፋፈኑ ነው። ልጅ በጣቶቹ መካከል አጮልቆ ማየት ይወዳል፤ ይህም ማጭበርበር አይባልም፣ ጨዋታ መስሎት ነው። ዓይኑ በወጉ ካልተሸፈነ ግን ሰነፉ ዓይን በደህናው ትከሻ ፈተናውን ያልፋል።

ሌላ የሚያመልጥ ነገር አለ። ሰሌዳ ማዮፒያን በቀላሉ ይይዛል፤ ሃይፐሮፒያን ግን ይስታል። ሌንሱ ልስልስ የሆነ ልጅ ለአንድ ደቂቃ ጥሮ ትንሿን መስመር አንብቦ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ግን ራሱን ያመዋል፣ ያዛጋል፣ ‹ማንበብ አይወድም› ይባላል። ይህን ጥረት ለማስቆም ሳይክሎፔንቶሌት የተባለ ጠብታ ይደረግና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠበቃል። ጥቁር ዓይን መድኃኒቱን ስለሚቋቋም ብዙ ጊዜ ጠብታውን መድገምና ረዘም አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሰማያዊ ዓይን ላይ የተለመደው ሰዓት ለኢትዮጵያዊ ሕፃን ላይበቃ ይችላል። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ሬቲኖስኮፕ በሚባል መሣሪያ ብርሃን ብሌኑ ላይ እያሻገረ፣ ሌንስ እየቀያየረ ቁጥሩን ያገኛል። ልጁ አንድ ቃል መናገር የለበትም፤ የ6 ወር ሕፃንም በዚህ ይለካል። ያለ ጠብታ ማሽን ላይ ብቻ የተለካ ልጅ ግን ጥረቱ ማዮፒያ መስሎ ሊመዘገብበትና ለማያስፈልገው መነጽር ሊዳረግ ይችላል፤ ለልጅ በጥድፊያ የሚሠራ መነጽር ዋና አደጋው ይህ ነው። ከጠብታው በኋላ ብርሃን ያስቸግራል፣ ቅርቡም ለአንድ ቀን ያህል ይደበዝዛል፤ አስቀድሞ የተነገራት እናት አትደነግጥም።

መነጽሩ ከታዘዘ በኋላ ያለው መንገድ ከምርመራው ይልቅ ይከብዳል። ሌንሱ ከብርጭቆ ሳይሆን ከፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ፖሊካርቦኔት የተባለው ተመራጭ ነው፣ ሲመታ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ዓይን አይጎዳም። አንድ ደህና ዓይን ብቻ ላለው ልጅ ይህ የግድ ነው። የሕፃን አፍንጫ ገና ድልድዩ አልቆመም፤ የዐዋቂ ፍሬም ተቆርጦ ቢሰጠው ይንሸራተታል። ልጁም በሌንሱ መሐል ሳይሆን ከሌንሱ በላይ ማየት ይለምዳል፤ ያኔ መነጽሩ ፊቱ ላይ አለ፣ ሥራውን ግን አይሠራም። ለታናናሾቹ ከጭንቅላት ጀርባ የሚታሰር ላስቲክ ያለው፣ ብረት የሌለበት ተጣጣፊ ፍሬም ይሻላል። የሁለቱም ዓይን ቁጥር እኩል ሆኖ አስቲግማቲዝም ከሌለ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ርካሽ መነጽር ያገለግላል። አምብሊዮፒያ ያለበት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱ ዓይኖቹ ስለሚለያዩ የራሱ ሌንስ ሊሠራለት ይገባል።

ከዚያ ልማድ አለ። በአማርኛ ‹አራት ዓይና› የሊቅ መጠሪያ ነው፤ ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አራቱንም ጉባኤ አሂዶ ለጨረሰ መምህር የሚሰጥ ማዕረግ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ደግሞ ይህንኑ ሐረግ መነጽር ያደረገን ጓደኛቸውን ለመስደብ ይጠቀሙበታል። ማዕረጉ በቋንቋው ቢኖርም መነጽር ያደረገ የ5 ዓመት ልጅ በአዲስ አበባም ሆነ በገጠር ከመታየት አይድንም፤ ‹ምን ሆኖ ነው?› ተብሎ እናቱ ትጠየቃለች፤ ስለ ሴት ልጅ ሲሆን ስለ ትዳሯ ገና ከአሁኑ የሚጨነቅ ዘመድ አይጠፋም። መነጽር ዓይንን ያለምዳል፣ ያደክማል የሚለው እምነትም ጠንካራ ነው። እምነቱ ከምንም አልተነሣም፦ ልጁ ጥርት ያለ ምስል ከለመደ በኋላ መነጽሩ ሲወልቅ ድብዝዙ ከበፊቱ የባሰ ይመስለዋል። የባሰው ዓይኑ ግን አይደለም፤ ማወዳደሪያ ማግኘቱ ነው።

በነፃ ማደል ብቻውን ይህን አይፈታም። በሜክሲኮ ኦአሃካ ግዛት ነፃ መነጽር የተሰጣቸው ተማሪዎች በ18 ወር ውስጥ ሳይነገራቸው ሲጎበኙ መነጽሩን አድርገው የተገኙት 13.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎች 34 በመቶ ያህሉ ይዘውት ነበር፣ አላደረጉትም። በቻይና ጋንሱና ሻንሺ ክፍላተ ሀገር በ252 ትምህርት ቤቶች የተካሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሙከራም አድርገው የተገኙት ከግማሽ በታች እንደሆኑ አሳይቷል፤ እንዲያም ሆኖ ነፃ መነጽር የተሰጠው ቡድን የሒሳብ ውጤት ካልተሰጠው ልቆ ተገኝቷል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ መነጽር ትምህርትን እንደሚረዳ፣ ልፋቱ የሚጠፋው ደግሞ በመነጽሩ ሳጥንና በልጁ አፍንጫ መካከል እንደሆነ ያሳያሉ።

የማዮፒያ መስፋፋት ጉዳዩን ከሌላ በኩል አንቀሳቅሶታል። በምሥራቅ እስያ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃን ከሚጨርሱ ወጣቶች ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ሩቅ ለማየት መነጽር ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የታወቀ ትንበያ በ2050 የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ማዮፒያ እንደሚኖረው ገምቷል። መንስኤው ዘርም ነው፣ ኑሮም ነው፤ ብዙ የቅርብ ሥራና ጥቂት የቀን ብርሃን ዓይንን ያስረዝማሉ። በቻይና ጓንጆ ከተማ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ከቤት ውጭ እንዲቆዩ ሲደረግ በ3 ዓመት ውስጥ ማዮፒያ የያዛቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መርሐ ግብር የቆዩት 39.5 በመቶ ነበሩ። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎች በቀን 120 ደቂቃ ውጭ እንዲውሉ አድርጋለች። ይህ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስልክ ይዞ ለሚያድግ የአዲስ አበባ ልጅም፣ በሙቀቱ ምክንያት በዱባይ ቤት ዘግቶ ለሚውለውም የሚሠራ ምክር ነው። ነገር ግን ማዮፒያ በአብዛኛው ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ የሚመጣ፣ በሰሌዳ የሚያዝ፣ በመነጽርም ወዲያው የሚቃና ችግር ነው። የዓለም ትኩረትና ገበያ ወደዚህ ማዘንበሉ የ3 ዓመቱን ሃይፐሮፒያና የቁጥር መለያየት ይበልጥ እንዳይሸፍነው ያሰጋል።

በኢትዮጵያ የልጅ ዓይን ሲነሣ ለረጅም ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ትራኮማ ነበር፤ አላግባብም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 40.1 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አግኝቷል። ያው ጥናት ብዙም ያልተወራ ሌላ ነገር ይዟል፦ ዕይታቸው ከደከመ ሰዎች ሲሶው፣ 33.4 በመቶው፣ ችግራቸው የመነጽር ነበር። ዓይነ ስውር ተብለው ከተቆጠሩትም 7.8 በመቶዎቹ በዚሁ ምክንያት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ጨለማውን የሚገፈው መድኃኒት ሁለት ሌንስና አንድ ፍሬም ነበር። በቡታጅራ አካባቢ የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከተማሪዎቹ 6.3 በመቶው የመነጽር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል፤ አብዛኛው ማዮፒያ ነው። ከእስያ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ግን ሦስት፣ አራት ልጅ ጥቁር ሰሌዳው አይታየውም ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው፤ በገጠር ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ምርመራው የሚጀምረው እዚያ ከሆነ የአንጎል የመማሪያ ዘመን ሊያልቅ ሲል ነው የሚደርሰው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያለው ኦ-ክላስ በሰሌዳ ለመመርመር የተሻለ ቦታ ነው፤ የከተማ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይደርሳል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ክትባት ነው። እናት ልጇን ይዛ በ9 እና በ15 ወር ለኩፍኝ ክትባት ትመጣለች፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያ ቀን ባትሪ ቦግ አድርጋ ነጸብራቁ እኩል መሆኑን፣ ልጁ የሚንቀሳቀስ ነገር መከተሉን፣ አንድ ዓይኑ ሲሸፈን መነጫነጩን ለማየት ከሁለት ደቂቃ በላይ አትፈልግም። የእነዚህ ሠራተኞች ጫንቃ ቀድሞውኑ ብዙ እንደተሸከመ መካድ አይቻልም፤ የሚጨመረው ሥራ ግን አዲስ ቀጠሮ አይጠይቅም፣ እናቲቱ መጥታለችና።

የተለየው ልጅ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። ለሕፃን ጠብታ አድርጎ በሬቲኖስኮፕ የሚለካ ባለሙያ በየወረዳው አይገኝም። ኦፕቶሜትሪስቶችን የሚያሠለጥነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን ማውጣቱ ክፍተቱን ቢያጠብም፣ ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ፣ የመኪና ሂሳቡና የሚቀረው የሥራ ቀን ቤተሰቡን ያሳስበዋል። የጎረቤት ኬንያ ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በትራንስ ንዞያ አውራጃ ትምህርት ቤቶች በስልክ መተግበሪያ በተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ሙከራ ልጁ ምን ያህል እንደሚደበዝዝበት በምስል ለወላጅ ታየ፤ ማስታወሻ መልእክትም በስልክ ተላከ። ከተላኩት ልጆች 54 በመቶው ሆስፒታል ሄዱ፤ በተለመደው አሠራር የሄዱት 22 በመቶ ነበሩ። ወላጅን ያንቀሳቀሰው የልጁን ድብዝዝ ዓለም በገዛ ዓይኑ ማየቱና የሚያስታውሰው ማግኘቱ ነው። ከአገር ውጭ ያሉ ቤተሰቦችም በሌላ መልክ ይኸው ያጋጥማቸዋል። በአሜሪካ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመከራል፤ በእንግሊዝ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ምርመራው ነፃ ነው። ‹ልጅዎ የዓይን ምርመራውን አላለፈም› የምትለዋ ወረቀት ከትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ስትወጣ ግን የልጅ ውድቀት ተደርጋ ትነበባለች፤ ትርጉሟ ‹በጠብታ ይለካ› ከማለት አያልፍም።

መነጽር የተሰጠው ሕፃን ጉዳይ በዚያ አይዘጋም። ፊቱ ያድጋል፣ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ፍሬሙ ይሰበራል፤ በየ6 ወሩ፣ ቢዘገይ በየዓመቱ መለካት አለበት። አምብሊዮፒያው ከተሻለ በኋላ ሽፋኑ ሲቆም ከ4 ልጆች የ1 ያህሉ ዕይታ በመጀመሪያው ዓመት ተመልሶ ይደክማል፤ ቶሎ ከታየ እንደገና ይድናል። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ዘመቻ ይህን ሊሠራው አይችልም። ከክትባት ካርዱ ጋር የምትያያዝ፣ የእያንዳንዱ ዓይን ቁጥር፣ በመነጽር ያነበበው መስመርና የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን የተጻፈባት አንዲት ገጽ ግን ልጁ ወረዳ ቢቀይር እንኳ አብራው ትሄዳለች፤ ቀጣዩ ባለሙያም ምርመራውን ከዜሮ አይጀምርም።